ቤይሩት ውስጥ ማዳምና ሠራተኛ ሳንባባል የተሰበሰብንባቸው እሁዶች

ሊባኖስ ውስጥ በኮንትራት የቤት ሠራተኛ ሆኜ ከቆየሁ በኋላ ፍሪላንስ ወጥቼ፣ ማለትም አሠሪዬን ለቅቄ በግሌ እየሠራሁ ስኖር፣ ከጥቂት እህቶች ጋር ቤይሩት ላይ የእሁድ ውይይት ጀመርን። በዚያ ክፍል ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች፣ ለሴቶች መብት የሚታገሉ ሊባኖሳውያን፣ እንዲሁም በተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ወይም በጾታ ማንነታቸው የተነሳ የሚሳደዱ ወጣቶች አብረው ተቀምጠዋል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብለው የሚጠይቁኝ እህቶች በየአረብ አገሩ አሉ። አንዳንዶቹ ተቆጥተው ነው የሚጠይቁኝ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ሊሞክሩት ስላሰቡ ነው። ለሁለቱም ስል ሥራውን እንደሠራሁት እጽፋለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ያነሳሳኝ ዓለም ደቻሳ የተባለች ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ሞት ነው። ይህች የልጆች እናት ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ እየተጎተተች መኪና ውስጥ በግድ ስትከተት የሚያሳየው ቪዲዮ በሊባኖስ ቴሌቪዥን የተላለፈው ማርች 8 ቀን 2012፣ በሴቶች ቀን ነበር። ከቀናት በኋላ በገባችበት ሆስፒታል ሕይወቷን አጠፋች። የሴቶች መብት ሲባል እርሷን ይጨምራል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

መልሱን ሕጉ ውስጥ ፈለግሁ። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ከጥበቃው ያወጣል። በከፋላ ሥርዓት ደግሞ ኢቃማችን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ከአሠሪያችን ስም ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ቤቱን ለቅቀን የወጣን ዕለት ሕገ ወጥ እንሆናለን። የሊባኖስ ሴቶች በትግላቸው ያገኙት ድል አለ። በ2014 የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ2017 ደግሞ አስገድዶ የደፈረ ሰው ተጠቂዋን ካገባ ከቅጣት እንዲያመልጥ ይፈቅድ የነበረው አንቀጽ 522 ተሻረ፤ ያን ጊዜ በባሕሩ ዳርቻ ነጫጭ የሙሽራ ቀሚሶች ተሰቅለው ሲወዛወዙ አይቻለሁ። ትልቅ ድል ነው፤ ደስ ብሎኛልም። ነገር ግን የጥቃቱ ሕግ የተጻፈው ለቤተሰብ አባላት ነው፤ ኩሽና ውስጥ የምታድረዋን ሴት ግን ማንም ቤተሰብ ብሎ አልቆጠራትም። አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾ በ1989 የጻፈችው ይህንኑ ነው፤ ጥቁር ሴት በዘሯና በጾታዋ በአንድ ጊዜ ስትበደል፣ ሁለቱን ለየብቻ የሚያይ ሕግ እርሷን ጭራሽ አያያትም። ስሟን ከመስማቴ በፊት ነገሩን ኖሬዋለሁ።

ቦታና ቀን መምረጥ ቀላል ይመስላል፤ ሥራውን ግማሽ የሚወስነው ግን እርሱ ነው። እሁድ ያደረግነው እረፍት የተፈቀደላት ኮንትራት ሠራተኛ የምትወጣው በዚያ ቀን ብቻ ስለሆነ ነው። ክፍሉን የፈለግነው ለዳውራ ቅርብ በሆነ ሰፈር ነበር፤ ብሩን የምትልከውም፣ በርበሬ የምትገዛውም፣ ጸጉሯን የምትሠራውም እዚያ ነውና ሁለተኛ ታክሲ አያስፈልጋትም። በር ተቆልፎባቸው መውጣት ለማይችሉት የውይይቱን ፍሬ ነገር በድምፅ ቀርጸን በስልክ እንልክላቸዋለን፤ ማታ ማዳም ስትተኛ ሰምተው መልሳቸውን ይልካሉ። ለቀጣዩ እሁድ መክፈቻ የምናደርገው የእነርሱን መልስ ነበር። በዚህ የተነሳ ያልመጡት ሴቶች ከመጡት እኩል ይደመጡ ነበር።

አንድ ነገር አጥብቄ የያዝኩት አስቀድሞ በአማርኛ መነጋገርን ነው። ሊባኖሳውያኑ ትርጉም ይጠብቃሉ። አረብኛ ከቀደመ አንደበተ ርቱዕ የሆነችው የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ትናገራለች፤ የእኛ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። የእኛ አረብኛ ከማዳም አፍ የተለቀመ የኩሽና አረብኛ ነው፤ ሴት ለሴት ስታዝዝ ስለተማርነው ወንዱንም ሴቱንም አንቺ እያልን ነው የምንናገረው። ወንዶች ሆነው ተወልደው ሴት ሆነው ከሚኖሩት አንዷ ወደ እኛ የመጣች ቀን፣ ገና ከበሩ «ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ሻይ ጠጪ» ተባለች። ማንም አስቦበት አይደለም። እርሷ ግን እናቷ እንኳ እንዲህ ብላ ጠርታት እንደማታውቅ ለእኔ ለብቻዬ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ አንድም እሁድ አልቀረችም።

በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ስለ ማንነት አላወራንም፤ ያወራነው ስለ ወረቀት ነው። ግድግዳው ላይ ሰፊ ወረቀት ለጥፌ ሦስት ጥያቄዎች ጻፍኩ። ሰነዳችሁ በማን እጅ ነው? ዛሬ ከቤት ብትወጡ የሚያሳድዳችሁ ማን ነው? ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ብትከሱ መጀመሪያ የሚታሰረው ማን ነው?

አንዲት የጎጃም ልጅ ቀደመች። ፓስፖርቷ በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ብትወጣ «ጠፋች» ብለው ያመለክቱባታል፤ ብትከስ የምትታሰረው ራሷ ናት። ቀጥላ አንዲት ሊባኖሳዊት አስተማሪ ተናገረች። ባሏ ሶርያዊ ነው። ከ1925 ጀምሮ ያለው የዜግነት ሕግ እናት ለልጆቿ ዜግነት እንድታስተላልፍ ስለማይፈቅድላት፣ ቤይሩት ተወልደው ላደጉት ልጆቿ ኢቃማ ለማውጣት እንደ እኛው ተሰልፋ ትውላለች። የእኛ ሴቶች አላመኑም፤ አረብ በአገሯ ለልጇ ኢቃማ ትለምናለች ብሎ ማን ያስባል? ሦስተኛው ዝምተኛ ወጣት ነበር። ስልኩ ውስጥ የነበረ ፎቶ እጁ የገባ ሰው እያስፈራራ ገንዘብ ይቀበለዋል። እንዳይከስ የሊባኖስ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 534 «ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጪ» የሆነ ግንኙነትን እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል። ከ2009 ወዲህ አንዳንድ ዳኞች አንቀጹ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ አይሠራም ብለው በነጻ አሰናብተዋል፤ አንቀጹ ግን አልተሻረም፤ ፖሊስም ስልክ መፈተሹን አልተወም። የጎጃሟ ልጅ ሦስተኛውን መልስ ስትሰማ «ታዲያ እርሱም እንደ እኔ ነዋ! ተበድሎ የሚታሰረው እርሱ ነው» አለች። እኔ ብዙ ሰዓት አስረድቼ የማልደርስበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ይህ ማለት ሁሉም ተስማማ ማለት አይደለም። የእኛ ሴቶች ጾመኞች ናቸው፤ ሰጋጆች ናቸው። ከመካከላችን አንዷ «ሃይማኖቴ ከሚያወግዘው ጋር እንዴት አንድ ማዕድ እቀርባለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችው፤ ስለዚህ ከልቤ መለስኩላት። እምነትሽን ተዪ የሚልሽ የለም፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም አይሰብክም፣ ማንም ማንንም አሳልፎ አይሰጥም፤ ሰው ሲደበደብ ግን አብረን እንጮሃለን። ሁለቱ «ማንም»ዎች ደንባችን ሆኑ። ሰው ሐሳቡን እስኪለውጥ ጠብቆ ኅብረት የሚጀምር ካለ ጊዜውን ያባክናል። ሰው አብሮ ሲሠራ ይለወጣል፤ ባይለወጥም ሥራው ተሠርቷል።

ደንቡ ማንን እንደሚጠብቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንዲት እህታችን ከሰው ሁሉ ወደ ኋላ ቀርታ ሴት እንደምታፈቅር ነገረችኝ። ማዳም ብታውቅ ወደ አስቀጣሪው ቢሮ ትመልሳታለች፤ የአገሯ ልጆች ቢያውቁ ቤት የሚያጋራት አታገኝም። አገሯ ብትመለስ ደግሞ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚቀጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ይጠብቃታል። ለዓመታት ስለ እርሷ ዓይነት ሰው ሲወራ ትሰማ የነበረው እንጀራ በቆረሰችበት ገበታ ላይ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጉዳይ የፈረንጅ ወይም የአረብ ጉዳይ ነው ለሚለኝ ሰው ትዕግሥቴ አጭር ሆኗል።

ከሁሉ የከበደው ግን የሊባኖሳውያኑ ፌሚኒስቶች ነገር ነበር። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ሰልፍ ይወጣሉ፣ ይደበደባሉ፣ ይታሰራሉ። አንዳንዶቹ ቤት ግን የእኛ ሰው አለች። እርሷ ሰልፈኛዋን ቡና አፍልታ ትሸኛለች፤ ማታ የጫማዋን አቧራ ትጠርጋለች። ስለዚህ አንድ ቅድመ ሁኔታ አኖርን። ሠራተኛ ያላት ሴት ወደ ውይይታችን ከመምጣቷ በፊት ፓስፖርቷን ትመልስላት፣ የእሁድ እረፍቷን ከነቁልፉ ትስጣት፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ትክፈል። ተቀይመው የቀሩ አሉ። አንዲት ወጣት ግን እናቷን ወራት ሞግታ ፓስፖርቱን አስመለሰች፤ በቀጣዩ እሁድ ሠራተኛዋ ራሷ መጥታ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ወጣቷ ከኋላ ነበረች።

2020 ሲመጣ ውይይት የሚባል ነገር አልቀረም። የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ፤ ወረርሽኙ ተጨመረ፤ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ሃዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላ በር ላይ አራግፈው መሄድ ጀመሩ። ፍራሽ፣ ውኃ፣ ሞዴስ፣ የቤት ኪራይ፤ ሥራችን ይህ ሆነ። መኪና ያላቸው እነዚያ በፍቅራቸውና በጾታ ማንነታቸው የሚሳደዱት ወጣቶች ነበሩ። የእኛን ልጆች ከአስፋልት ላይ አንስተው ባዶ ወደነበሩ ቤቶች ያመላለሱት፣ ቤተሰብ ያባረራቸው እነርሱ ነበሩ፤ ሜዳ ላይ መጣል ምን እንደሆነ ያውቁታል።

በዚያው ዓመት በጁን ወር የሳራ ሔጋዚ መርዶ ደረሰ። ሳራ በ2017 ካይሮ ውስጥ በሙዚቃ ዝግጅት ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ በማውለብለቧ ታስራ፣ ተሰቃይታ፣ ካናዳ የተሰደደች ግብፃዊት ናት፤ እዚያው ሕይወቷን አጠፋች። ዕርዳታ የምናሽግበት መጋዘን ውስጥ ወጣቶቹ እጃቸው ከሥራ ተፈታ፤ የሚያለቅሱት ግን ተደብቀው ነበር፤ ለእርሷ በግልጽ ማልቀስም ያስወቅሳልና። ያቺ «አንድ ማዕድ እንዴት እቀርባለሁ» ያለችው እህት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ለቅሶ ደረሱ። ስለ ሟቿ ሕይወት አንዲት ቃል ሳይጠይቁ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ከጎናቸው ተቀመጡ። የእኛ ሰው ለቅሶ አይቀርም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አጋርነት ሥልጠና የሚሰጡኝን ሰዎች ብዙም አልሰማኋቸውም። በኦገስት የቤይሩት ወደብ ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ የስደተኛው ሠራተኛም የእነዚያ ወጣቶችም ቤት የፈረሰው በዚያው ሰፈር ነበርና ፍርስራሹን አብረን ጠረግን።

በሜይ ዴይ ሰሞን በምናደርገው የስደተኞች ሰልፍ ላይ ክርክር ተነስቶ ነበር። የሰልፉ ትልቁ ጨርቅ ላይ ከአንቀጽ 7 ጎን 534ም ይጻፍ አይጻፍ? የእኛ ሴቶች ፎቶው አገር ቤት ቢደርስ ቤተሰባቸው ምን እንደሚባል ፈሩ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ ፎቶ ከሰው ይፈጥናል። ለድምፅ ብናቀርበው ያሸንፉ ነበር፤ እኔ ግን ለድምፅ አላቀረብኩትም፤ ብዙኃኑ በጥቂቶቹ ላይ እጅ የሚያወጣበት ክፍል እንዲሆን አልፈለግሁም። ሙሉ ከሰዓት ተነጋገርን። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ስለ ከፋላ ብቻ የሚናገር ጨርቅ ያዙ፤ 534 ይሻር የሚለውን ሊባኖሳውያኑ በስማቸው፣ በፊታቸው፣ በራሳቸው ጨርቅ ይዘው ከጎናችን ሄዱ። አደጋውን ዜግነት ያለው ይሸከም ተባለ። ፍትሐዊ ሆኖ አግኝቸዋለሁ።

ይህን ሁሉ በሪያድ ወይም በኩዌት እንዳለ ልድገመው የምትል ካለች አጥብቄ እቃወማታለሁ። ሊባኖስ ውስጥ እንደ ሄለም ያለ፣ ከ2004 ጀምሮ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት በይፋ የሚሠራ ድርጅት ነበረ፤ በ2015 የቤት ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም የደፈሩ ሴቶችም ነበሩ፤ የሥራ ሚኒስቴር ዕውቅና ቢነሳቸውም ስብሰባው ተካሂዷል። እንዲያም ሆኖ በ2022 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን ስብሰባ ከለከለ። ስለዚህ ስም ዝርዝር በወረቀት አይያዝ፤ ሰው በቅጽል ስም ይጠራ፤ ፎቶ አይነሳ፤ ለጋሽ ፎቶ ካልተነሳ ገንዘብ አልሰጥም ካለ ይቅርበት። ከማንኛውም ውይይት በፊት የጠበቃ ስልክና ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ ይኑር። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ ከሦስት ከማይበልጡ እህቶች ጋር በድምፅ መልእክት ጀምሩ፤ የመጀመሪያው ጥያቄም ፓስፖርታችሁ በማን እጅ ነው የሚለው ይሁን።