ከፊልም ወደ ዲጂታል ኤስኤልአር፦ ከጥላ ወደ ብሩህ ክፍል የዞረው ልኬቴ

ለብዙ ዓመታት በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በተለይም በኔጌቲቭ (ብሩሁና ጥላው ተገልብጦ በሚወጣበት ፊልም)፣ ስሠራ የቆየሁ አማተር ፎቶ አንሺ ስሆን አሁን ወደ ዲጂታል ኤስኤልአር (በውስጡ ባለ መስታወት አማካይነት በራሱ በሌንሱ በኩል የሚታይበት) ካሜራ ተሻግሬያለሁ። ሽግግሩ ካሜራ ከመለወጥ ያለፈ ትምህርት ስለጠየቀኝ፣ እስካሁን የደረስኩበትን በተመሳሳይ መንገድ ላይ ላላችሁ ወዳጆች ማካፈል ፈለግሁ። የአዝራሮቹን አገልግሎት መመሪያው በሚገባ ስለሚያስረዳ በእሱ ላይ አልቆይም። የእኔ ጥያቄ ፊልም ካስለመደን አሠራር ውስጥ የትኛው እንዳለ ሊቀጥል እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ እንደገና መማር እንዳለበት ነው። ከሁሉ በላይ ተገልብጦ ያገኘሁት የብርሃን ልኬትን ነው።

በኔጌቲቭ ስንሠራ የምንጠነቀቀው ለጥላው ነበር። በቂ ብርሃን ያልደረሰው የፊልም ክፍል ከታጠበ በኋላ ባዶ ሆኖ ስለሚቀር፣ ከባዶ ቦታ ዝርዝር ማውጣት አይቻልም። በአንጻሩ አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ ያህል (አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው) ብርሃን ቢበዛ፣ ብሩህ ክፍሎቹ ዝርዝራቸውን የሚያጡት ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ጊዜ ስላልሆነ ፎቶው ሲታተም ብዙውን ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ ያመነታ ሰው ትንሽ ብርሃን ይጨምር ነበር፤ ልማዱም ትክክል ነበር።

በዲጂታል ካሜራ በፊልሙ ፈንታ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ግን የሚሠራው በሌላ ሕግ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሙል ወሰን አለው፤ ወሰኑ ላይ ከተደረሰ በኋላ የሚመጣው ብርሃን አይመዘገብም፤ የደመናው እጥፋትና የነጭ ልብሱ ሽመና በአንድ ወጥ ነጭ ይዋጣሉ። ይህ የጠፋ ዝርዝር በየትኛውም ፕሮግራም አይመለስም። ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ግን በአብዛኛው ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ ኖይዝ (በምስሉ ላይ የሚታይ ሻካራ ነጠብጣብ) እየጨመረበትም ቢሆን በኋላ ማብራት ይቻላል። በአጭሩ፣ በኔጌቲቭ ለጥላው እንለካ የነበርን ሰዎች አሁን ለብሩሁ ክፍል መለካት አለብን። በስላይድ ፊልም (ፎቶውን ሳይገለብጥ በቀጥታ በሚያሳይ ፊልም) የሠራችሁ ለዚህ እንግዳ አትሆኑም፤ ስላይድም ብርሃን ሲበዛበት በቀላሉ ስለሚነጣ፣ ከእሱ የመጣ ሰው ግማሹን መንገድ አስቀድሞ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

ይህን ከንባብ ዕውቀት ወደ እጅ ልማድ ያሸጋገረኝ አንድ ቀላል ልምምድ ነው። ሽመናው በግልጽ የሚታይ ነጭ ጨርቅ መስኮት አጠገብ ይሰቀላል፤ ካሜራው በትራይፖድ ላይ ቆሞ በማኑዋል፣ ማለትም ብርሃኑን እኛው በእጃችን እየወሰንን፣ ይሠራል፤ ልኬቱም ከጨርቁ ላይ ብቻ ይወሰዳል። የካሜራ ልኬት ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ስለሚሞክር የመጀመሪያው ፎቶ ግራጫ ጨርቅ ያሳያል። ከዚያ በአንድ ሦስተኛ ስቶፕ እየጨመሩ ሽመናው እስኪጠፋ ድረስ ማንሳት ነው። በእኔ ካሜራ ሁለት ስቶፕ ተኩል ገደማ ሲጨመር ሽመናው ካሜራው አዘጋጅቶና ጨምቆ ከሚያስቀምጠው ከጄፔግ ፋይሉ ላይ ጠፋ፤ ሴንሰሩ የመዘገበውን ሳይዘጋጅ በሚይዘው በራው ፋይሉ ላይ ግን ከዚያም ትንሽ አልፎ ቆየ። ይህን አኃዝ ማወቅ ታላቅ ነገር ነው፤ ዝርዝሩን ላጣው ከማልፈልገው ብሩህ ክፍል ላይ ለክቼ ሁለት ስቶፕ ብጨምር ነጩ ነጭ ሆኖ፣ ሽመናውም ሳይጠፋ እንደሚቀር በእርግጠኝነት ስለማውቅ የካሜራውን ግምት መጠበቅ አያስፈልገኝም። ልምምዱን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ካሜራ እንዲሠራው አጥብቄ እመክራለሁ፤ የሌላ ሰው አኃዝ ለእናንተ ሴንሰር ላይሠራ ይችላል።

ሌላው ረዳቴ ሂስቶግራም፣ ማለትም በፎቶው ውስጥ ከግራ ጥቁር እስከ ቀኝ ነጭ ያለው እያንዳንዱ የብርሃን ደረጃ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳየው ሥዕላዊ መግለጫ ነው። በካሜራው ጀርባ ያለው ስክሪን በጨለማ ውስጥ ፎቶውን ከእውነቱ አብርቶ፣ በፀሐይ ደግሞ አጨልሞ ስለሚያሳይ ኤክስፖዠርን (ፎቶው የተቀበለውን የብርሃን መጠን) በእሱ መፍረድ አይቻልም፤ ሂስቶግራም ግን በዙሪያው ባለው ብርሃን አይለወጥም። ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ በራው ብናነሳም እንኳ በስክሪኑ ላይ የምናየው ሂስቶግራም የተሠራው ካሜራው ካዘጋጀው ጄፔግ ነው፤ ስለዚህ በቀኝ ጫፍ የሚታየው መቆረጥ ሁልጊዜ የራው ፋይሉ መቆረጥ አይደለም። ሁለተኛ፣ ደማቅ ቀይ አበባ ስናነሳ ጠቅላላው ሂስቶግራም ጤናማ መስሎ ሳለ የቀዩ ቀለም ብቻ ወሰኑን አልፎ የአበባው ቅጠሎች ዝርዝር አልባ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ነው የሦስቱን ቀለማት ሂስቶግራም ለየብቻ የሚያሳየውን ምርጫ ሁልጊዜ የማበራው።

በራው የማነሳውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 8 ቢት፣ ማለትም 256 ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩት፣ ባለ 12 ቢት ራው 4,096፣ ባለ 14 ቢት ደግሞ 16,384 ደረጃዎች አሉት። ከዚህም በላይ ሴንሰር ብርሃንን የሚመዘግበው በቀጥታ መጠኑ ስለሆነ፣ ከእነዚህ ደረጃዎች ግማሹ የሚውለው ለብሩሁ የመጨረሻ ስቶፕ ነው፤ ቀጣዩ ስቶፕ የቀረውን ግማሽ ይወስዳል፤ እንዲህ እየተከፈለ ወርዶ ለጥልቁ ጥላ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ብሩሁ ክፍል ሳይቆረጥ በተቻለ መጠን ብዙ ብርሃን መስጠት ለጥላው ጭምር የሚጠቅመው ስለዚህ ነው። ብርሃን በማሳነስ ብቻ መጠንቀቅ ሌላ ዋጋ ያስከፍላል።

አይኤስኦን (በፊልም ጊዜ ፍጥነት የምንለውን፣ ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) እና የቀለም ሙቀትን (በኬልቪን የሚለካውን የብርሃኑን ቀለም) በተመለከተ ለውጡ የሚያስደስት ነው። በአንድ ጥቅል 36 ፎቶዎች በአንድ ዓይነት ፍጥነት መታሰር ቀርቷል፤ ለቀን ብርሃን፣ ማለትም ለ5,500 ኬልቪን ገደማ የተዘጋጀ ፊልም በአምፖል ብርሃን ብርቱካናማ የሚሆንበት ችግርም በራው ላይ የለም። እኔ ግን ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለውን ምርጫ) በአውቶማቲክ አልተውም፤ በአንድ ቦታ የተነሱ ተከታታይ ፎቶዎች ቀለማቸው እንዳይለያይ በቀን ብርሃን ላይ አስሬው አነሳለሁ።

የሌንሶቹ ጉዳይ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሊታሰብበት ይገባል። የፊልም ምስል መጠን 24 በ36 ሚሊ ሜትር ሲሆን የብዙዎቹ አማተር ካሜራዎች ሴንሰር ግን 16 በ24 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በካነን ደግሞ ከዚያም ትንሽ ያነሰ ነው። ሌንሱ አይለወጥም፤ የሚያሳየው ሜዳ ነው የሚጠበው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንሴ በፊልም ላይ 75 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ያሳያል፤ ይህ ለፊት ገጽታ ፎቶ መልካም ነው። 28ቱ ግን የ42 ያህል ስለሆነ ሰፊ ሌንስነቱ ቀርቷል። አሮጌ ሌንስ ያላችሁ የመግጠሚያውን ዓይነት አስቀድማችሁ አጣሩ። የኒኮን ኤፍ መግጠሚያ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ቢሆንም ከ1977 በፊት የተሠሩ ሌንሶች ሳይስተካከሉ ቢገጠሙ አንዳንድ ካሜራዎችን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ዝቅተኛዎቹ የኒኮን ካሜራዎችም በማኑዋል ሌንስ ብርሃን አይለኩም። ካነን በ1987 መግጠሚያውን ስለለወጠ የቀድሞዎቹ ኤፍዲ ሌንሶች በአዲሶቹ ኤስኤልአሮች ላይ በቀጥታ አይገቡም። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ግን መመልከቻው ነው፤ ከፊልም ካሜራዬ ያነሰና የደበዘዘ ከመሆኑም ሌላ፣ በመካከሉ የተሰነጠቀውን ምስል እያጋጠሙ ፎከስ ማድረጊያው የለውም። አሁን በማኑዋል ሌንስ ስሠራ በመመልከቻው ውስጥ የምትበራዋን የፎከስ ማረጋገጫ ነጥብ እከተላለሁ፤ በትራይፖድ ላይ ስሆን ደግሞ ምስሉን በስክሪኑ ላይ አጉልቼ አስተካክላለሁ።

አቧራ በፊልም ጊዜ ይህን ያህል አያሳስበንም ነበር፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ አዲስ ፊልም ይመጣል። ሴንሰሩ ግን ያው ስለሆነ አንዴ ያረፈ አቧራ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ በዚያው ቦታ ይታያል። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አጥብቦ ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳት ነጠብጣቦቹን ያጋልጣል። ሌንስ ስቀይር የካሜራውን አፍ ወደ ታች አደርጋለሁ፤ ለማጽዳትም በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚተፋ ላስቲክ እንጂ ትንፋሼን አልጠቀምም።

ከፊልም ሳይለወጥ ያመጣሁት ልማድ መጠበቅን ነው። ፎቶ ከተነሳ በኋላ በራሱ ስክሪኑ ላይ የሚወጣበትን ምርጫ አጥፍቼዋለሁ። ብርሃኑ ሲለወጥ አንድ ፎቶ አንስቼ ሂስቶግራሙን አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዐይኔ ከመመልከቻው አይነሳም፤ ስክሪን ላይ ባጎነበስንበት ቅጽበት የሚያልፈው ነገር ብዙ ነው። ከካርዱ ላይም በቦታው ሆኜ ፎቶ አልሰርዝም። ፊልም እስኪታጠብ በነበረው ጊዜ ስለ ሥራችን ያለን ስሜት ይቀዘቅዝና ፍርዳችን ይስተካከል ነበር፤ አሁን ያንን ጊዜ ሆን ብዬ እሰጠዋለሁ፤ ፋይሎቹን ወደ ኮምፒውተር ካስተላለፍኩ በኋላ ለቀናት ሳላያቸው አቆያለሁ። በሦስት ቅጂዎች፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱንም ከቤት ውጭ ማኖር የሚለውን ደንብ እከተላለሁ፤ ካርዱን ፎርማት የማደርገው ቅጂዎቹ መከፈታቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።

በዚህ ሰሞን የምሠራው ጥቁርና ነጭ ላይ ነው። በፊልም ሰማዩን ለማጥቆር ቀይ ማጣሪያ በሌንሱ ላይ አደርግ ነበር። የዲጂታል ሴንሰር ግን ብራይስ ባየር የኮዳክ ባልደረባ ሳሉ በነደፉት፣ በ1976 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ባገኘው የቀለም ማጣሪያ የተሸፈነ ነው፤ ከፒክስሎቹ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ይቀበላሉ። በዚህ ላይ ቀይ መስታወት ቢጨመር በአግባቡ የሚሠራው ሩቡ ብቻ ስለሚሆን ዝርዝር ይጠፋል። ስለዚህ ያለ ማጣሪያ በቀለም አንስቼ በኮምፒውተር ላይ የቀይና የሰማያዊውን ድርሻ አስተካክላለሁ፤ ሰማያዊውን ከልክ በላይ ስቀንስ ሰማዩ ላይ ኖይዝ፣ በዛፎቹ ጠርዝ ላይ ደግሞ ነጭ መስመር ስለሚታይ በመጠኑ መሥራትን እየተለማመድኩ ነው። ባለ ቀለም ማጣሪያዎቼን ከቦርሳዬ ያወጣሁ ሲሆን ፖላራይዘሩን ግን አስቀርቼዋለሁ፤ ከውሃና ከቅጠል ላይ የሚወጣውን ነጸብራቅ ማስወገድ ፎቶው ከተነሳ በኋላ የሚሠራ ሥራ አይደለምና።