«አሉምናይ ነኝ» ስለሚለው አነጋገር

የምረቃ ወቅት ሲደርስ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያሉ ማተሚያ ቤቶች በባነር፣ በካናቴራና በጥሪ ካርድ ሥራ ይጠመዳሉ፤ በእነዚህ ላይ ከሚታተሙት ቃላት መካከል እየተዘወተረ የመጣው ደግሞ «አሉምናይ»፣ ማለትም የቀድሞ ተማሪዎች፣ የሚለው ነው። «የዚህ ትምህርት ቤት አሉምናይ ነኝ» እያለ ራሱን የሚያስተዋውቅ ሰውም አይጠፋም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ብዙ ቁጥር ስለሆነ አንድ ሰው ስለ ራሱ «አሉምናይ ነኝ» ማለቱ «መምህራን ነኝ» ከማለት አይለይም።

በላቲን ወንዱ «አሉምኑስ»፣ ሴቷ «አሉምና» ይባላሉ፤ ብዙ ወንዶች፣ ወይም ወንድና ሴት የተቀላቀሉበት ቡድን «አሉምኒ»፣ ሴቶች ብቻ ሲሆኑ ደግሞ «አሉምናይ» ነው። ቅዱስና ቅድስት፣ ቅዱሳንና ቅዱሳት እያልን በጾታና በቁጥር ለምንለይ ለእኛ ይህ ሥርዓት እንግዳ ሊሆን አይገባም።

ግራ የሚያጋባው አነባበቡ ነው። ከላይ የጻፍሁት ጥንታዊውን የላቲን አነባበብ ተከትዬ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን የሁለቱን ብዙ ቁጥሮች መጨረሻ አገላብጠው የወንዶቹን በ«ናይ»፣ የሴቶቹን በ«ኒ» ያሳርጋሉ። እኛ ቃሉን የወሰድነው ከእንግሊዝኛ በመሆኑ በአማርኛ የምንለው «አሉምናይ» ለእንግሊዝኛ ጆሮ ወንዶችን ወይም ድብልቁን ቡድን ሲያመለክት፣ ለላቲን መምህር ግን ሴቶችን ብቻ ያመለክታል። ስለዚህ በጆሮ መፍረድ አይቻልም፤ ካርዱ በእንግሊዝኛ የሚታተም ከሆነ መታየት ያለበት የቃሉ መጨረሻ ነው። በ«አይ» (i) ፊደል ካበቃ የወንዶች ወይም የድብልቅ፣ በ«ኤ» እና «ኢ» ጥምር (ae) ካበቃ የሴቶች ብቻ ነው። ሴቶች ብቻ ለተማሩበት ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው።

የቃሉ ምንጭ «አሌሬ»፣ ማለትም መመገብና ማሳደግ፣ የሚለው ግስ ነው፤ በሮማውያን ዘንድ «አሉምኑስ» በሌላ ሰው እጅ ያደገን ልጅ ሁሉ ያመለክት ነበር። ትምህርት ቤቱን «አልማ ማተር»፣ መጋቢ እናት፣ የሚያሰኘውም ይኸው ሥር ሲሆን የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ ይህን ስያሜ እስከ ዛሬ በመጠሪያው ውስጥ ይዞታል። (የእኛ የቆሎ ተማሪ እንኳ ትምህርቱን ከየኔታ፣ ቁራሹን ከየደጁ ለምኖ ስለነበር መጋቢ እናቱ ብዙ ናት።) «አልማ ማተር» የተማርንበት ቤት እንጂ ተማሪው አይደለምና «የእገሌ ትምህርት ቤት አልማ ማተር ነኝ» ማለት ስሕተት ነው።

በአማርኛ ስንጽፍስ? «ምሩቅ» ምርቃትን የተቀበለ ሰው ስለሆነ ትምህርቱን አቋርጦ የወጣውን አይጨምርም፤ «አሉምኑስ» ግን በእንግሊዝኛው አጠቃቀም ያልተመረቀ የቀድሞ ተማሪንም ሊያካትት ይችላል። በእኔ አስተያየት «የቀድሞ ተማሪ» የሚለው ሁለቱንም ስለሚይዝ፣ ከጾታና ከቁጥር ውዝግብም ስለሚያድን፣ ለማኅበር ስም ከሁሉ የተሻለ ነው። «የአሉምናይ ማኅበር» የሚለው ሥር ስለሰደደ፣ የሚሰየመውም ቡድን ስለሆነ ይታለፋል፤ «አሉምናዮች» ግን እንደ «መምህራኖች» ሁሉ በብዙ ላይ ብዙ መደረብ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚደባለቀው «ኢመሪተስ» ተማሪን ጨርሶ አይመለከትም። በሮም አገልግሎቱን ፈጽሞ የተሰናበተ ወታደር ይጠራበት የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ጡረታ ከወጣ በኋላ ማዕረጉን ይዞ እንዲቆይ የተፈቀደለትን ፕሮፌሰር ያመለክታል፤ ለሴት ፕሮፌሰር «ኢመሪታ» ይባላል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህ ማዕረግ የሚገኘው ተቋሙ ሲሰጠው ስለሆነ ጡረታ የወጣን ፕሮፌሰር ሁሉ በዚህ ስም መጥራት አይገባም።