መሬትን ይዞ ወደ ላይ መውጣት፦ የሜዳ ሬዲዮ አንቴና ሙከራችን ሦስተኛ ወሩን ያዘ

ካለፈው ማስታወሻዬ ወዲህ ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ያኔ የሩቅ ኤፍ ኤም ጣቢያ ለመስማት በእጄ የነበረው ከአሮጌ ታክሲ የወለቀ የመኪና ቴፕ፣ አንድ 12 ቮልት ባትሪ እና ጥቂት ኬብል ነበር። ዛሬ ጎንደር፣ ቁስቋም ዳገት ላይ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ 9 ሜትር የአጠና ምሰሶ ቆሟል። ጫፉ ላይ አንድ ዘንግ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሏል። ከሥሩ ሦስት ዘንጎች እንደ ጃንጥላ አጥንት ወደ ታች ዘንበል ብለዋል።

ንድፉ የእኔ አይደለም። አሜሪካኖች ለሜዳ ሬዲዮ የሠሩት፣ አር ሲ 292 የሚባለው አንቴና ነው። ያስተዋወቁኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሠራዊቱ መገናኛ ሠራተኛ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም በዚያው ልጥራቸው። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1953 እ.ኤ.አ. የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ብዙ የአሜሪካ መሣሪያ ወደ አገር ገብቷል። ጋሼም በወጣትነታቸው የተሸከሙት የእነሱን የጀርባ ሬዲዮ ነው።

ከእነዚህ ሬዲዮዎች አንዱ ፒ አር ሲ 77 ነው። ከ30 እስከ 75.95 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፤ 920 ቻናል አለው። የሚያወጣው ኃይል ግን 2 ዋት ገደማ ብቻ ነው። ወታደሩ ሲጓዝ 1 ሜትር የማትሞላ ስስ የብረት አንቴና ይሰካበታል። ቆም ሲል 3 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ይቀጥላል። ሰፈር ሲይዝ ደግሞ አር ሲ 292 ይወጣል፣ 9 ሜትር ያህል ምሰሶ ላይ። «ሬዲዮው ያው ነው፣ ባትሪው ያው ነው፤ አንቴናው ሲወጣ ግን ጠፍቶ የነበረው ጓደኛህ አጠገብህ ቁጭ ያለ ይመስልሃል» ይላሉ ጋሼ።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኛ የወታደር ሬዲዮ የለንም፤ ምንም ነገርም አናስተላልፍም። ለማስተላለፍ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የእኛ ሥራ መስማት ብቻ ነው። ንድፉን ወስደን ለተራው ኤፍ ኤም አሳነስነው። ምሰሶውን ከማቆማችን በፊትም ለጎረቤትም ለቀበሌም ነግረናል። እናንተም ብትሞክሩ ይህን አትዝለሉት።

የመጀመሪያው ወር በስህተት አለቀ። እኔ የያዝኩት ሐሳብ «ከፍ ካለ ይሰማል» የሚል ነበር። ስለዚህ አንዲት ዘንግ አጠናው ጫፍ ላይ አሰርኩ፤ የኬብሉን ውስጠኛ ሽቦ ከዘንጓ ጋር አያያዝኩ፤ ጨረስኩ አልኩ። ድምፁ ግን ይመጣል ይሄዳል። ኬብሉን በእጄ ስይዝ ይጠራል፣ ስለቀው ይጠፋል። ጋሼ መጡና አንገታቸውን አቅንተው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«መሬቱ የታለ?» አሉኝ።

እኔ የመብረቅ መከላከያ የሚሉ መስሎኝ ግቢው ውስጥ ፌሮ ቀብሬ የኬብሉን ውጫዊ መረብ ከሱ ጋር አሰርኩ። ምንም አልተለወጠም። በማግስቱ ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ አንቴናህ እዚያ ላይ ነው፤ መሬቱ እዚህ ታች ነው። መሬቱን ይዘህ ውጣ እንጂ!»

እስካሁን ከተማርኩት ሁሉ ይቺን የሚያህል የለም። የሞገዱን ሩብ ርዝመት ያላት ቋሚ ዘንግ ግማሽ አንቴና ናት። ሌላው ግማሽ ከሥሯ ያለው መሬት ነው። ሬዲዮው ምድር ላይ ሲሆን አፈሩ እንደምንም ያንን ቦታ ይሸፍናል፤ ያውም ደረቅ አፈር ጉልበቱን እየበላ። ዘንጓን 9 ሜትር ሲያወጧት ግን ከሥሯ ምንም የለም። ያኔ የኬብሉ ውጫዊ ገላ ሳይጠሩት ሌላኛው ግማሽ ይሆናል። እጄ ኬብሉን ሲነካ ድምፁ የሚለዋወጠው ለዚህ ነበር። ሦስቱ ዘንበል ያሉ ዘንጎች ሥራቸው ይኸው ነው፦ እዚያው ከፍታው ላይ የሚቆሙ መሬት ናቸው።

ርዝመቱን ማግኘት ቀላል ነው። 7500ን በሜጋኸርትዙ ስታካፍሉ የሞገዱ ሩብ በሴንቲሜትር ይመጣል። እኛ የመረጥነው 97 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ስለሆነ 77 ሴንቲሜትር ይሆናል። ቋሚዋ ዘንግ ከዚህ 5 በመቶ ያህል ታጥራለች፤ 73 አካባቢ። ሦስቱን እዚያው 77 ላይ ተውናቸው። ይህን ስሌት በ30 ሜጋኸርትዝ ብትሠሩት 2.5 ሜትር ይሆናል፤ በ76 ደግሞ 1 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው አር ሲ 292 ዘንጎቹ በቁርጥራጭ የሚመጡት። ፍሪኩዌንሲው ሲቀየር ምሰሶው ይወርዳል፣ ዘንጉ ይቀጠላል ወይም ይቀነሳል፣ እንደገና ይቆማል። ጋሼ ይህን በሌሊት፣ በዝናብ፣ በእጅ ዳሰሳ ሠርተውታል።

ለዘንጎቹ የአሮጌ ቲቪ አንቴና አሉሚኒየም ተጠቀምን። ማዕከሉ የሽንኩርት መክተፊያ ፕላስቲክ ነው፤ ከቅዳሜ ገበያ ተገዝቶ በመጋዝ የተቆረጠ። ወፍራም ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፣ ውሃም አይጠጣም። አሉሚኒየም በሊድ ስለማይያያዝ ሁሉንም በቡሎን አሰርነው። የመዳብ ሽቦና አሉሚኒየም በቀጥታ ሲነካኩ እርጥበት ቶሎ ይበላቸዋል፤ ስለዚህ መሐላቸው የማይዝግ ሮንዴላ አስገብተን በግሪስ ቀባነው።

አሁን ስለ ገመዱ ልንገራችሁ፤ ይቺን ነገር በጣም ነው የወደድኳት። ምሰሶው በሦስት ገመድ ነው የሚወጠረው። ሦስቱ ካስማዎች እኩል ተራርቀው፣ 120 ዲግሪ እየጠበቁ መተከል አለባቸው። እኔ የስልኬን ኮምፓስ ማውጣት ጀመርኩ። ጋሼ እጄን ያዙና 5 ሜትር ገመድ ጠየቁ። ምሰሶው የሚቆምበት ቦታ ላይ አንዱን ጫፍ ረግጬ እንድቆም አዘዙኝ፤ ሌላውን ጫፍ ይዘው እየዞሩ በዱላ መሬቱ ላይ ክብ አሰመሩ። ከዚያ ያችኑ ገመድ ክቡ መስመር ላይ አንዱን ጫፍ ነጥብ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ መስመሩ ላይ እያሳረፉ ምልክት እያደረጉ ሄዱ። በስድስተኛው ገመድ ልክ የጀመሩበት ነጥብ ላይ ደረሱ። «አንዱን ዝለል፣ አንዱን ምታ» አሉ። ካስማዎቹን በየሁለተኛው ምልክት መታናቸው። የክብ ግማሽ ስፋት ዙሪያውን ስድስት ጊዜ እንደሚከፍለው ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። መሬት ላይ ሲሠራ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ገመዱ ናይለን ነው። የብረት ሽቦ አንቴናው አጠገብ ሲሆን እሱም ሞገዱን እየተቀበለ ይረብሻል። ምሰሶውን ስታነሡ ደግሞ ከኤሌክትሪክ መስመር የምትርቁት ከምሰሶው ቁመት በላይ ይሁን። ቢወድቅ የትም አቅጣጫ ሊወድቅ ይችላል።

ልኬቱን ያገኘነው ናኖ ቪ ኤን ኤ የሚባል ትንሽ የአንቴና መለኪያ ካለው ወዳጄ ነው። ሦስቱን ዘንጎች መጀመሪያ ጠፍጣፋ አድርገን ስንለካ ከ50 ኦም በጣም ያነሰ አሳየ (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው)። ቀስ እያልን ወደ ታች ስናጎነብሳቸው ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። 45 ዲግሪ ገደማ ላይ 49 ሆነ። የሜዳ አንቴናዎች ዘንጋቸውን የሚያዘነብሉት ለመልክ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ፤ ሬዲዮውና ኬብሉ የሚፈልጉት 50 ኦም ነው። ቋሚዋ ዘንግ ደግሞ በደንብ የምትቀበለው 94 ሜጋኸርትዝ ላይ ነበር። 2 ሴንቲሜትር ከቆረጥናት በኋላ 97 ገባች። ስለዚህ ሁልጊዜ ረዘም አድርጋችሁ ጀምሩ፤ የተቆረጠ አይመለስም።

ኬብሉን የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ ስድስት ዙር ጠምጥመን፣ ጣሳውን አውጥተን፣ ጥቅልሉን ከአንቴናው ሥር አሰርነው። ይህ በኬብሉ ውጫዊ ገላ የሚወርደውን ይገታል። ከዚያ ወዲያ ኬብሉን ብጨብጠውም የመሣሪያው ንባብ አልተንቀሳቀሰም።

ስለ ኬብል ካነሣን፣ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። «ለሬዲዮ የሚሆነው ይሄ ነው» ተብዬ 20 ሜትር ቀጭን ባለ 50 ኦም ኬብል፣ አር ጂ 58 የሚባለውን፣ ገዝቼ ነበር። 100 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ይህ ኬብል በ20 ሜትር ውስጥ የመጣውን ጉልበት ግማሽ ያህል ይበላል። የኛ ሰፈር ጣሪያ ሁሉ ላይ ያለው የዲሽ ኬብል ግን ሩብ ያህል ብቻ ነው የሚበላው። ኦሙ 75 መሆኑ ያስከተለው ኪሳራ ከዚህ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የመኪናው ቴፕም አላማረረም። ለመስማት ብቻ ከሆነ የዲሽ ኬብል ተጠቀሙ።

ከፍታው ራሱ ምን ሰጠን? እዚህ ላይ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ሞገዱ እስከ አድማስ የሚሄድበትን ርቀት በግምት ለማግኘት የከፍታውን ስኩዌር ሩት በ4.12 ማባዛት ነው፤ ከፍታው በሜትር፣ ርቀቱ በኪሎ ሜትር። ሜዳ ላይ አንቴናቸው 2 ሜትር ላይ ያለ ሁለት ወታደሮች 11 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይተያያሉ። ሁለቱም 9 ሜትር ሲያወጡ 24 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሜዳ ላይ ከፍታን በእጥፍ ማሳደግ ደግሞ ኃይልን በ4 እጥፍ እንደ መጨመር ነው። 2 ዋት ለያዘ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ጎንደር ግን ሜዳ አይደለችም። ከጣና ሐይቅ ወለል ከ300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ወደ ደቡብም ክፍት ናት። 300 ሜትር ብቻ ብንይዝ አድማሳችን 71 ኪሎ ሜትር ነው። 9 ሜትር ስንጨምርበት 72 ይሆናል። አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ! ታዲያ ምሰሶው ለምን ይህን ያህል ለውጥ አመጣ?

መልሱ ሰኔ ላይ በመብራት መጥፋት መጣ። ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቴፑ በባትሪ እየሠራ 97 አካባቢ ሹሹታ ብቻ ያሰማል። መብራት ሄደ። ሹሹታው በአንዴ ቀለለ፣ ከሥሩም የሴት ድምፅ ወጣ። ጨለማው ውስጥ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። «ባሕር ዳር» የምትለዋን ቃል ለየኋት። በቀጥታ መስመር 110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው! የጣቢያው አንቴና ከፍታም የራሱን አድማስ ስለሚጨምር ነው ከ72 ያለፈው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሰማሁ። መብራት ሲመጣ ድምፁ ተመልሶ ሰጠመ።

በማግስቱ ቆጣሪውን አጥፍተን እያንዳንዱን ዕቃ አንድ በአንድ መለስን። ትልቁ ረባሽ አንድ ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ፤ ቀጥሎ የኩሽናው ኤል ኢ ዲ አምፖል። ቻርጀሩን ከቤት አስወጣን። ከዚያ አንቴናውን 3 ሜትር ላይ አውርደን ሰማን፣ መልሰን 9 ላይ ሰቅለን ሰማን። 3 ሜትር ላይ የቤቱ ጫጫታ አብሮት አለ፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያም ከፊት ይጋርዳል። 9 ላይ ሁለቱም ከሥሩ ቀሩ። እንደ እኔ አስተያየት ዳገት ላይ የምሰሶ ጥቅሙ አድማስ ማስፋት ሳይሆን ከቆርቆሮና ከቻርጀር መራቅ ነው።

ክረምቱ ደግሞ የራሱን ትምህርት ሰጠ። ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ድምፁ ደከመ። ኬብሉን ስፈታው ከመገናኛው ውሃ ተንጠባጠበ። አሁን መገናኛው በራሱ በሚጣበቅ የላስቲክ ቴፕ ተጠቅልሏል፤ ኬብሉም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞሮ ይወጣል፣ ውሃው እዚያ እንዲወርድ። ደመናው ማጉረምረም ሲጀምር ደግሞ ኬብሉ ከቴፑ ተነቅሎ ወደ ውጭ ይጣላል። ጋሼ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ በአጥር በኩል «ነቀልክ?» ይሉኛል።

የሚቀጥለው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛው አር ሲ 292ን የተካውን ኦ ኢ 254 መሞከር። እሱ ሦስት ዘንግ ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ታች አለው፤ ከ30 እስከ 88 ሜጋኸርትዝ ርዝመት ሳይቀየር ይሠራል። ዘንጎቹን ቆርጫለሁ።

ሁለተኛው ጎርጎራ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ይህንኑ አንቴና ሐይቁ ዳር ወስደን፣ ከፊቱ ውሃ ብቻ ሲሆን፣ በ2 ሜትርና በ9 ሜትር ማነጻጸር እንፈልጋለን። እዚያ የሚረዳ ዳገት የለም። 2 ሜትር ላይ አድማሱ 6 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ 9 ላይ ከ12 ያልፋል። ጎርጎራ አካባቢ ያላችሁና 9 ሜትር አጠና የምታውሱን ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ከዚህ ጭኖ መውሰድ ነው ያስቸገረን። ጋሼ ካስማዎቹንና ያቺን 5 ሜትር ገመድ አስረው በር ሥር አስቀምጠዋል።