ሞንታክ፣ ነፋስና ውሃ ሳይጣሉ

ለመስቀል ሰሞን ዓሣ ልናጠምድ ሞንታክ ሄደን ነበር። ሞንታክ የሎንግ አይላንድ የመጨረሻ ጫፍ ናት፤ ኒውዮርክ እዚያ ላይ ያልቅና አትላንቲክ ይጀምራል። ከሜሪላንድ እስከዚያ ስላለው መንገድ የማወራው የለኝም። መኪና፣ ድልድይ፣ የመንገድ ክፍያ፣ ደግሞ መኪና።

ማደሪያው ግን አናዶኛል። ከሌበር ዴይ (የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) በኋላ ዋጋ ይወርዳል ተብለን ነበር፤ በስልክ የነገሩንም ደህና ዋጋ ነው። ስንደርስ በየክፍሉ ለአንድ ሌሊት 45 ዶላር «የመዝናኛ» ብለው ጨመሩበት። የመዋኛ ገንዳው በሸራ ተሸፍኗል። የምን መዝናኛ ነው ብንል ሰሚ አጣን። ሌሊቱን ደግሞ የጎረቤት ክፍል ቴሌቪዥን ሲለፈልፍ አደረ። ሰው ዋጋ ሲጠየቅ ሙሉውን ቢናገር ምን ይጎዳዋል?

ለማጥመድ የተከራየነውን ጀልባ ካፒቴን ከመጀመሪያው የወደድኩት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ማታውኑ ደወለና ሁሉንም ዘረዘረልን። ከሩቅ ያለፈ ሀሪኬን የሚሉት አውሎ ነፋስ የገፋው ሞገድ ከደቡብ እየመጣ ነው። ጠዋት የባሕሩ ውሃ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ ከሞገዱ ጋር አይጣላም፤ ማጥመድ ይቻላል። ረፋዱ ላይ ውሃው ወደ ውጭ ይዞራል፤ ያኔ ዓሣው ቢበላም ባይበላም ይመልሰናል። ካልተስማማችሁ ቀብዱን ልመልስ፣ ሌላ ቀን ያዙ አለን። ጀልባው ለግማሽ ቀን 1,200 ዶላር ነው፤ ለስድስት ተካፈልነው። ፈቃዱም ከስድስት በላይ ከፋይ መንገደኛ አያስጭነውም።

የጓደኛዬ አባት አብረውን ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግለዋል። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገነው ሰምተዋል። «ይሄ ልጅ ባሕር ያውቃል። በሉ ተኙ!» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከወደቡ ወጣን። ብርዱ ይቆነጥጣል። የውሃው ሙቀት ግን፣ ካፒቴኑ መሣሪያው ላይ እንዳሳየን፣ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ባሕር ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ የበጋውን ይዞ ይቆያል። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ በየባሕረ ሰላጤው ያደጉት አንቾቪ የሚባሉ ትንንሽ ዓሣዎች ወደ ውቅያኖሱ መውጣት ይጀምራሉ። ጣት አያክሉም፣ ብዛታቸው ግን ለጉድ ነው። ስትራይፕድ ባስ ደግሞ ክረምቱ ሳይመጣ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ዓሣ ስለሆነ ለመንገዱ መወፈር አለበት። ሁለቱ የሚገናኙት ሞንታክ ጫፍ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1796 ከተሠራው የመብራት ማማ ሥር ነው።

መጀመሪያ ያየነው ወፎቹን ነው። ከዚያ ውሃው ቀለሙን ቀየረ፣ የዛገ ብረት መሰለ። ያ ሁሉ አንቾቪ ነው። ከሥር ሲባረሩ ላይ ላዩን ይዘላሉ፤ ዝናብ የጣለ ይመስላል። ካፒቴኑ ከነፋሱ በላይ ወጥቶ ሞተሩን አጠፋና ጀልባዋን ለነፋሱ ለቀቃት። ዝም ብለን ወደ ዓሣው ተንሳፈፍን። እኛ እንዲህ ስንጠነቀቅ አንድ ሌላ ጀልባ በሙሉ ፍጥነት መሐላቸውን ሰንጥቆ አለፈ። ወፎቹ ተነሱ፣ ውሃው ጸጥ አለ። ሩብ ሰዓት ያህል ባዶ ውሃ ላይ ቆመን ቀረን። ባሕሩ ለሁሉም ይበቃ ነበር፤ እንዲህ ያለ ስግብግብነት ደሜን ያፈላዋል።

ከጓደኞቻችን አንዱን ያጥወለውለው የጀመረው ያኔ ነው። ልተኛ ብሎ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል ጋሼ ክንዱን ያዙት። «ውስጥማ ከገባህ አለቀልህ። እዚህ ና፣ ከኋላ ተቀመጥ። ማማውን እየው፣ እሱ አይንቀሳቀስም።» ትከሻውን ይዘው አጠገቡ ቆሙ። ቀስ በቀስ ፊቱ መለስ አለ።

ዓሣዎቹም ተመለሱ። የመጀመሪያዬ ፎልስ አልባኮር ነበር፤ የቱና ዘመድ ነው። የመንጠቆዬን ክር ይዞ ሲሸመጥጥ የክሩ መጠቅለያ ጮኸ፣ ክንዴ ዛለ። ሥጋው ብዙም ስለማይወደድ ለቀቅነው። ቀጥሎ ስትራይፕድ ባስ ያዘልኝ። ይሄኛው አይሮጥም፣ ይከብዳል። የካፒቴኑ ረዳት እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ የታች ከንፈሩን ያዘው፤ ጥርሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ስለሆነ ጣት አይቆርጥም። በብርማው ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ከጆሮ ግንዱ እስከ ጭራው ተሰምረዋል። ሲለካ 34 ኢንች ሆነ። ይመለሳል።

ሕጉ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ይፈቅዳል፣ ያውም ከ28 እስከ 31 ኢንች ያለውን ብቻ። የላይኛው ገደብ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 31 የወረደው በ2015 የተፈለፈሉትን ለማትረፍ ነው። የዚህ ዓሣ አብዛኛው የሚወለደው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው፤ እኛ ከምንኖርበት አጠገብ ማለት ነው። እዚያ ደግሞ ከ2019 ወዲህ የጫጩቱ ቁጥር በየዓመቱ ከአማካይ በታች ነው። ትልልቆቹ ካልወለዱ ማን ይወልዳል? ረዳቱ ዓሣውን ጎንበስ ብሎ ውሃው ውስጥ ያዘው። ጉንጩ ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል። በመጨረሻ አውራ ጣቱን ነክሶ በጭራው ውሃ ረጨብንና ጠለቀ። በኋላ ለራሴ ካስቀረሁት ዓሣ ይልቅ ይሄኛው ነው ያስደሰተኝ።

ረፋዱ ላይ ውሃው ዞረ። እስካሁን ሞገዱና የውሃው ፍሰት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለነበሩ ጀልባዋ ከፍ ዝቅ ብትል ነው። አሁን ግን ውሃው ወደ ውጭ መፍሰስ ሲጀምር ከደቡቡ ሞገድ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ለጥ ያለው ሞገድ አጠረና ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጫፉ ነጭ ሆነ። ነፋሱም በረታ። በደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ባሕር ሆነ። ወፎቹ ገና እየጠለቁ ነው፤ ዓሣ ሞልቷል። ካፒቴኑ ግን «ሰብስቡ» አለ። ከመሐላችን አሥር ደቂቃ ጨምርልን ያለ ነበር። ጋሼ አዩትና «ሰውዬው ማታ ነግሮሃል» አሉት። በዚያው አበቃ።

ወደቡ ላይ ረዳቱ ያስቀረናቸውን ሦስት ዓሣዎች እንደ ቅቤ ገሽልጦ ከፋፈለልን። ጉርሻ 240 ዶላር ሰጠነው፤ የኪራዩ 20 በመቶ ነው፣ የለፋበት ነው። ጭንቅላትና አጥንቱን ሊጥል ሲል ጋሼ ለሾርባ ጠየቁት። እሱም ደስ ብሎት በበረዶ አሸገላቸው።

ለጥቅምት መጨረሻ ሌላ ቀን ይዘናል። ወፍራም ጃኬትና ጓንት ያዙ ብሎናል ካፒቴኑ፤ ለሚያጥወለውለው ጓደኛችን ደግሞ ኪኒኑን ከመሳፈሩ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እንዲውጥ።