አገረ ገዥ ሲለቅ ማን ይተካዋል? የአሜሪካ ግዛቶችን ሕግ ስናነብ የደረስንበት

«ማን ይተካል?» የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ምክትል አገረ ገዥው ይተካል። ምክትል በሌለባቸው በሜይንና በኒው ሃምፕሸር የሴኔቱ ፕሬዚዳንት፣ በኦሪገንና በዋዮሚንግ ደግሞ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ይተካል። ስያሜው ከፌዴራሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጋር አንድ ቢሆንም በግዛት ደረጃ የዚህ ሰው ዋና ሥራ ምርጫ ማስተዳደር ነው።

የሚያስቸግረው ቀጥሎ ያለው ነው። ተተኪው «አገረ ገዥ ይሆናል» ነው የተባለው ወይስ ሥልጣኑን በተጠባባቂነት ይሠራበታል? የቀድሞ ወንበሩን ይለቃል? እስከ መቼስ ይቆያል?

እነዚህ ሳይለዩ ሲቀሩ ምን እንደሚመጣ ኒው ጀርሲ በደንብ ያሳያል። ግዛቲቱ ምክትል አልነበራትም፤ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ወንበሩን እንደያዘ አገረ ገዥነቱን ይደርብ ነበር። ሕግ አውጪውና ሕግ አስፈጻሚው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አገረ ገዥዋ ክሪስቲን ዊትማን ለቀው የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ዲፍራንቸስኮ ተጠባባቂ ሆኑ። በጥር 2002 የሴኔት ዘመናቸው አዲሱ አገረ ገዥ ከመማሉ ከሳምንት በፊት አለቀ። አዲሱ ሴኔት ደግሞ 20 ለ20 ተከፍሎ ሁለት ፕሬዚዳንቶች ነበሩት። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለ90 ደቂቃ ያህል፣ ከዚያም ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች በየተራ ሥልጣኑን ያዙ። ዲፍራንቸስኮና አዲሱ አገረ ገዥ ሲጨመሩ በ8 ቀን ውስጥ አምስት ሰው! በ2005 መራጩ ሕዝብ የምክትል አገረ ገዥ ቦታ እንዲፈጠር ወሰነ፤ የመጀመሪያዋ ተመራጭ በ2010 ሥራ ጀመሩ።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሜሪላንድ «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል ክብደት አለው። አገረ ገዥው ለጊዜው መሥራት እንደማይችል በጽሑፍ ካሳወቀ ምክትሉ በተጠባባቂነት ይሠራል፤ ቦታው ግን ክፍት አይደለም። አገረ ገዥው ማርቪን ማንዴል በ1977 ሥልጣኑን በደብዳቤ ለምክትላቸው ለብሌር ሊ አስተላለፉ፤ በጥር 1979 የዘመናቸው መጨረሻ ላይ በሙስና ጉዳይ የተላለፈባቸው የጥፋተኝነት ፍርድ ሲሻር በደብዳቤ ተመለሱ። አገረ ገዥው ቢሞት ወይም ቢለቅ ግን ምክትሉ ሙሉ አገረ ገዥ ሆኖ ቀሪውን ዘመን ይጨርሳል።

ኦሪገን በዚህ ትለያለች። በ2015 በለቀቀው አገረ ገዥ ቦታ የገቡት ኬት ብራውን በ2016 ለቀሪው ሁለት ዓመት ብቻ መመረጥ ነበረባቸው።

ተተኪው ሲያድግ የሚለቀውን ወንበር ማየትም አትርሱ። ኒው ዮርክ ከ2008 ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ምክትል ቆየች። ከምክትልነት ወደ አገረ ገዥነት ያደጉት ዴቪድ ፓተርሰን በ2009 ሌላ ሰው ምክትል አድርገው ሲሾሙ የመሾም ሥልጣን የላቸውም ተብለው ተከሰሱ፤ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሹመቱን ያጸናው 4 ለ3 በሆነ ድምፅ ነበር።

በመጨረሻ በሕጉ ውስጥ አገረ ገዥው «ከግዛቱ ውጭ ሲሆን» የሚል ሐረግ ፈልጉ። በአይዳሆ በግንቦት 2021 አገረ ገዥው ቴኔሲ ሳሉ ምክትላቸው የአፍና አፍንጫ ጭምብል ግዴታን የሚከለክል ትእዛዝ ፈረሙ፤ እሳቸው ተመልሰው በማግሥቱ ሻሩት። ሐረጉ ባለበት ግዛት አንድ የአውሮፕላን ጉዞ ሥልጣን ሊያዛውር ይችላል፤ በሜሪላንድ ግን ደብዳቤ ያስፈልጋል።