አምስት ወር ከስቅታ ጋር፦ ከማስታወሻ ደብተሬ

ስቅታ ቶሎ የሚይዘኝ ሰው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አራተኛ ክፍል ማስተማር ስጀምር ግን ነገሩ አስቸገረኝ። ምሳዬን በጥድፊያ በልቼ እገባለሁ፤ ገና ጠመኔ ሳነሳ ስቅ ይለኛል። ልጆቹ ይስቃሉ፣ የጀመርኩት ትምህርት ይቋረጣል። ስለዚህ መስከረም ላይ አንድ ትንሽ ደብተር ገዛሁ። ስቅታ በያዘኝ ቁጥር ቀኑን፣ ምን በልቼ እንደነበር፣ ምን እንደሞከርኩና በስንት ደቂቃ እንደተወኝ እጽፋለሁ። እስከ ጥር መጨረሻ 26 ጊዜ መዝግቤያለሁ። እንደኔ የሚቸገር ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ላካፍላችሁ።

ስቅታ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ባታደርጉለትም ይቆማል። ታዲያ ውሃ ጠጥቼ ቢተወኝ፣ ያስተወኝ ውሃው ነው ወይስ ጊዜው ደርሶ ነው? ይህን ሳልለይ ዘዴ ማወዳደር አልችልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጊዜያት ምንም ሳላደርግ ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩ። ቀላል አልነበረም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ውሃ ይዞ ይመጣል። አጭሩ 4 ደቂቃ ፈጀ፣ ረጅሙ 19። የቀሩት ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ነበሩ። መለኪያዬ ይሄ ሆነ። ከዚያ በኋላ በ10 ደቂቃ የተወኝን ስቅታ "ዘዴው ሠራ" ብዬ አልጻፍኩም።

መንስኤውን ሳነብ ዘዴዎቹም ገቡኝ። ከሳንባችን ሥር ደረትንና ሆድን የሚለይ ሰፊ ጡንቻ አለ፤ ድያፍራም ይባላል። ስቅ ሲለን ይሄ ጡንቻ ሳናዘው በድንገት ይኮማተራል። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ጉሮሮ ውስጥ ያለው የድምፅ በር ቶሎ ይዘጋል። ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው። በጉዳዩ ውስጥ ካሉት ነርቮች አንዱ ከአንገት ወደ ድያፍራም ይወርዳል። ሌላው፣ ቬገስ የሚባለው፣ ከአንጎል ተነስቶ በአንገት በኩል እስከ ሆድ ይዘልቃል። የቤት ውስጥ ዘዴዎች ወይ ጉሮሮን ቀስቅሰው ይህን ነርቭ ይነካሉ፣ ወይ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍ ያደርጋሉ ተብሎ ይታሰባል።

ከ26ቱ 15ቱ የያዙኝ ከችኮላ ምሳ በኋላ ነው። ሚጥሚጣ የበዛበት ቀንና ምግብ ላይ ለስላሳ የጠጣሁበት ቀን ደግሞ ይከተላሉ። ሆድ ሲነፋ ድያፍራምን ከሥር ይገፋዋል። ከኅዳር ጀምሮ ቀስ ብዬ መብላት ጀመርኩ፣ ለስላሳውንም ከምሳ አወጣሁት። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደብተሩ ሳሳ።

ወደ ሙከራው ልመለስ። ቀዝቃዛ ውሃ ሳይተነፍሱ በትንንሽ ጉንጭ ተከታትሎ መጠጣት አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ጎንበስ ብሎ ከብርጭቆው ማዶ ጠርዝ መጠጣትም ያው ነው፤ ልብስ ያረጥባል እንጂ ከተራው ውሃ የተለየ ነገር አላየሁበትም። የሎሚ ቁራጭ መምጠጥም ከዚያ አይርቅም።

ስኳር ግን አስገርሞኛል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ስኳር ምላስ ላይ አድርጎ መዋጥ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች በ20 ሰዎች ላይ ሞክረውት በ19ኙ ላይ ስቅታው እንደቆመ ጽፈዋል። ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች ጋር ግን አላወዳደሩም፤ ስለዚህ የኔም ጥያቄ አልተመለሰም። አምስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱ ከአንድ ደቂቃ በታች ቆመውልኛል። ስኳር በሽታ ላለበት ሰው ግን አይሆንም። ለትንሽ ልጅም ደረቅ ስኳር ትን ሊለው ስለሚችል አልሰጥም።

አሁን የምጠቀምበት ትንፋሽ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተሳስቻለሁ፣ ስለዚህ በዝርዝር ልንገራችሁ። መጀመሪያ "ትንፋሽ ያዝ" ሲሉኝ እንዲሁ አፌን ዘግቼ እቆይ ነበር። አይሠራም። ዋናው ነገር ሳንባውን ጥግ ድረስ መሙላት ነው። ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። አየር የምችለውን ያህል እስባለሁ፣ እስከ 10 እቆጥራለሁ። ከዚያ ምንም ሳላስወጣ በላዩ ላይ ትንሽ እጨምራለሁ፤ እስከ 5 እቆጥራለሁ። አሁንም ሳላስወጣ አንድ ጊዜ እጨምርና 5 እቆጥራለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ። ሁለተኛው ጭማሪ የማይቻል ይመስላል፣ ግን ይገባል። መሀል ላይ ስቅ ካለኝ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ዘጠኝ ጊዜ ሞክሬው ሰባቱ ከሁለት ደቂቃ በታች ተወኝ። ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ከነበረው መለኪያዬ ጋር ሲተያይ ለኔ ትልቅ ልዩነት ነው። ማዞር ከጀመራችሁ አቁሙ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይሞክረው እመርጣለሁ።

ያልሞከርኳቸውም አሉ። ዓይንን በጣት መጫን ዓይን ይጎዳል። ፌስታል ውስጥ መተንፈስ ያፍናል። ማስደንገጡንም ትቼዋለሁ። በኛ ቤት ልጅ ስቅ ሲለው "ምን ሰርቀህ ነው?" ይባላል፣ እንዲደነግጥ። እኔም ስንት ጊዜ ተብያለሁ። ምንም ያልነካ ልጅ ሰው ፊት ሌባ ሲባል የሚሰማውን አውቀዋለሁ።

የእህቴ ሕፃን ስቅ ሲላት እናቴ ክር በምራቅ አርሳ ግንባሯ ላይ ትለጥፋለች። ጉዳት የለውም፣ እማዬም ደስ ይላታል። ጎን ለጎን ግን ማጥባቱን ቆም አድርገን፣ ቀና አድርገን ይዘን ጀርባዋን መታ መታ እያደረግን እናስገሳታለን። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፤ ለስቅታም ቢሆን።

ከ48 ሰዓት በላይ የቆየ ስቅታ የቤት ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ይኬዳል። አብሮት የደረት ሕመም ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ደግሞ ሁለት ቀን አይጠበቅም። አሜሪካ አዮዋ ይኖር የነበረው ቻርለስ ኦስቦርን ከ1922 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. 68 ዓመት ሙሉ ስቅ ሲለው ኖሯል። እንዲህ ያለው እጅግ ብርቅ ነው፤ ቀናት የሚቆየው ግን ከሌላ በሽታ ሊመጣ ይችላል።

የመጨረሻው ጽሑፌ የራሴ ስቅታ አይደለም። ጥር ላይ አንድ ተማሪዬ ስቅ አለውና ክፍሉ በሙሉ "ምን ሰርቀህ ነው!" ብሎ ጮኸ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በር ላይ አወጣሁትና አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው አየር ሳብኩ። በጣቴ እየቆጠርኩለት ሁለት ጊዜ ደገምነው። ሲገባ የተቀመጠበት ዴስክ ላይ ያለው ልጅ "እንዴት ተወህ?" ሲለው ሰማሁት። ጣቶቹን ዘርግቶ መቁጠር አሳየው።