«ካልፈረምኩስ?»፦ የፕራይቬሲ ጥብቅናን ከጉዞና ከዲዛይን ጋር እንዴት እንደያዝኩት

«ልጄ፣ ካልፈረምኩስ? ብድሩ ቀረ ማለት ነው?» አሉኝ አንዲት እናት። እጃቸው ላይ ያለው ወረቀት እኔ ሶስት ሳምንት ሙሉ የለፋሁበት፣ ተበዳሪው የግል ዳታው እንዲወሰድ የሚፈቅድበት ቅጽ ነው፣ ደንበኛችን የሆነ አነስተኛ ብድር ሰጪ ድርጅት ዘጠኝ ገጽ የነበረውን አምጥቶልኝ እኔ ወደ አንድ ገጽ አውርጄ፣ ለማንም ሰው በሚገባ አማርኛ ጽፌ፣ ስዕል ጨምሬበት፣ ብቻ በጣም ነበር የወደድኩት። እና ለጥያቄያቸው መልስ አጣሁ። ካልፈረሙ ብድሩ ይቀራል እኮ፣ እውነቱ እሱ ነው። ታዲያ ይሄ ምኑ ፈቃድ ይባላል?

ህግ የሚማሩ ልጆች እንዴት ዳታ ውስጥ እንደገባሁ፣ ጉዞውንና ስዕሉንስ እንዴት እንደምችለው ሲጠይቁኝ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ይሄ ቀን ነው።

እኔ የውል ጠበቃ ነበርኩኝ። በፈረንጆቹ 2018 ግንቦት ላይ ጂዲፒአር የሚባለው የአውሮፓ የግል ዳታ ጥበቃ ህግ ሥራ ላይ ሲውል እዚሁ አዲስ አበባ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ከጀርመን ደንበኛው ዳታ ፕሮሰሲንግ አግሪመንት የሚባል፣ የደንበኛውን ዳታ እንዴት እንደሚይዝ የሚወስን ውል ተላከለት፣ ቢሮ ውስጥ ማንም አልፈለገውም፣ እኔ ወሰድኩት። ማታ ማታ የጂዲፒአርን 99 አንቀጾች አንብቤ ጨረስኩ። አንቀጽ 25 ላይ ስደርስ ቆምኩኝ፦ የሰው ዳታ ጥበቃ ገና ሲስተሙ ዲዛይን ሲደረግ ጀምሮ ይታሰብበት ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ በርና መስኮት ስስል ነው ያደግኩት፣ አርክቴክቸር ፈልጌ ህግ ደረሰኝ፣ ለዓመታት ስኬች ቡኬን ከሥራ ባልደረቦቼ እደብቅ ነበር ምክንያቱም ጠበቃ ቁም ነገረኛ አይደለም ይሉኛል ብዬ ስለምፈራ። ህጉ ራሱ ዲዛይን ሲል ሳይ መደበቄን ተውኩ።

ሥራ ለቅቄ ህልሜን ተከተልኩ የሚል ታሪክ የለኝም፣ ማንንም እንደዛ አልመክርም። ደሞዝ ያስፈልጋል። የዓመት ፈቃዴ ስጀምር 16 የሥራ ቀን ነበር፣ እሱን ከበዓላት ጋር እያያዝኩ ነው የተጓዝኩት። ሲአይፒፒ/ኢ የሚባለውን የአውሮፓ ፕራይቬሲ ሰርተፍኬት የወሰድኩ ዓመት ደግሞ ፈተናው በዶላር ስለሚከፈል የትም አልሄድኩም፣ ከፋኝ፣ ግን ሁለቱ በአንድ ዓመት አይሆኑም ነበር።

ከሁሉም ጉዞ ሥራዬን የቀየረው ሐረር ነው። ጀጎል በሚባለው በግንብ የታጠረ አሮጌ ከተማ ውስጥ ጠባቧ መንገድ ላይ ስትሄዱ ግራና ቀኝ ግንብ ብቻ ነው የምታዩት፣ ቤቱ ጀርባውን የሰጣችሁ ይመስላል። በሩን አልፋችሁ ግቢ ስትገቡ ሌላ ዓለም ነው። ከዛ ጊዲር ጋር የሚሉት ዋናው ክፍል፣ መደቦቹ ከፍና ዝቅ ያሉ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ ደረጃ ያለው። ከጎኑ ደግሞ ሙሽሮች የሚከተቱባት ትንሽ ክፍል አለች፣ ምግብ ራሱ በትንሽ መስኮት ነው የሚቀበሉት ብለው አስረዱኝ። ቁጭ ብዬ ስስል ዋልኩ። እንግዳ ተቀባይ ቤት ነው፣ ሆኖም ሁሉም ሰው ሁሉም ጋ አይደርስም!

አሁን ለደንበኞች ስለ አክሰስ ኮንትሮል፣ ማለትም ማን የትኛውን ዳታ ማየት እንዳለበት ሳስረዳ ስላይድ አልከፍትም፣ የሐረር ቤት ነው ቦርድ ላይ የምስለው። ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ግቢው ድረስ ይግባ፣ የብድር ኦፊሰሩ ጊዲር ጋር ይግባ፣ የሰውየው የጤና መረጃ ግን ትንሿ ክፍል ነው፣ ማን እንደሚገባ በስም እንጻፍ እላቸዋለሁ። በአምስት ደቂቃ ይገባቸዋል። በፊት ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር።

ጉዞ ሌላም አስተምሮኛል። ለሼንገን ቪዛ አሻራ ስትሰጡ እስከ 59 ወር ድረስ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ ሁሉንም ትሰጣላችሁ። እዛ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው ዳታው የሚወሰድበት ሰው ምን እንደሚሰማው የገባኝ፣ እምቢ ማለት በማይቻልበት ቦታ ፈርሙ መባል።

ዲዛይኑ ላይ ደግሞ ከእንግሊዝኛ መኮረጅ አይሰራም። የእነሱ ውል ዋናውን ነገር በትልልቅ ፊደል ይጮህበታል፣ እኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ስለዚህ በቃላት ምርጫ፣ በወፈረ ጽሁፍና በባዶ ቦታ ነው ማጉላት የምትችሉት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ (ፎንት) እወደዋለሁ ምክንያቱም በርካሽ ስልክ ላይም ይነበባል።

ወደ እናትየዋ ልመለስ። «እማማ፣ እውነትዎን ነው፣ ቅጹ ልክ አይደለም» አልኳቸው፣ ቢሮ ተመልሼም ለአለቃዬ እንደዛው ነገርኩት። ስህተቱ የኔ ነበር፣ ውበቱ ላይ ሳተኩር ዋናውን የህግ ጥያቄ ዘለልኩት። ለብድሩ የግድ የሚያስፈልገው ዳታ መሰረቱ ውሉ እንጂ ፈቃድ አይደለም፣ ሰውየው እንዲያውቀው ይነገረዋል እንጂ ፈቅጃለሁ አይባልም። ፈቃድ የሚጠየቀው እምቢ ሲል ምንም ለማይጎዳበት ነገር ነው፣ ለምሳሌ የማስታወቂያ ኤስኤምኤስ። ፈቃዱ ምልክት የሚደረግበት ሳጥንም ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፣ ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይደለም ብሎ የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2019 ፕላኔት49 በሚባለው ጉዳይ ወስኗል። የፈረንሳዩ የዳታ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ክኒልም በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ጎግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ያሳወቀው ኩኪን (ዌብሳይት ተጠቃሚውን የሚለይበት ትንሽ ፋይል) እምቢ ማለትን እሺ ከማለት አክብደው ስለሰሩት ነው። የበተን አቀማመጥ እኮ ነው፣ ዲዛይን!

ለምትጀምሩ፦ ጂዲፒአር ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። አሁን የራሳችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ከሱ በፊት ግን ስለ ግል ህይወት መከበር የሚናገረውን የህገ መንግስቱን አንቀጽ 26 አንብቡ። ከዛ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ሰው ቅጽ ሲሞላ ቁጭ ብላችሁ እዩ።

አዲሱን ወረቀት ይዤ እዛው ቅርንጫፍ ተመለስኩ። አንድ ሹፌር ነበር፣ ቀስ ብሎ አነበበው፣ የኤስኤምኤሱ ሳጥን ጋ ሲደርስ «ይሄ ይቅርብኝ» ብሎ ባዶውን ተወው። ኦፊሰሯ ቀና ብላ እንኳን አላየችውም፣ ብድሩን መሙላት ቀጠለች።